ወደ ጓሳ ለምትወጡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ወደ መንዝ ደጋ ለመውጣት ስንቅ መቋጠራችሁን ስሰማ ደስ ይለኛል። አንዳንዶቻችሁ ከአዲስ አበባና ከደብረ ብርሃን ትመጣላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ለገናና ለጥምቀት ከባሕር ማዶ ስትገቡ ጎራ ትላላችሁ። ሰው ላላየው ሀገር አይሳሳም፤ ስለዚህ ኑ፣ እዩ፣ ልጆቻችሁንም አምጡ። እኔ ጓሳ ጠርዝ ላይ ተወልጄ፣ ከብት ጠብቄ፣ ሣር አጭጄ፣ ኋላም እንግዳ እየመራሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ተራራው የሚወደውንና የሚጎዳውን ከአባቶቼ ሰምቻለሁ፣ በዓይኔም አይቻለሁ። ብዙ የምነግራችሁ አለኝ፤ ሁሉም ግን ከአንድ ነገር ይመነጫል። ጓሳ እስከ ዛሬ የቆየው ሰው እጁን መሰብሰብ ስላወቀ ነው። እናንተም እጃችሁን ሰብስባችሁ ግቡ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና መጀመሪያ የምትሄዱበትን ስፍራ እወቁት። ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ምድር፣ ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ውርጭ የሚጥልበት ደጋ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ገደሉ ቁልቁል ወደ አዋሽ ተፋሰስ ቆላ ይወርዳል። በምዕራብ በኩል ከጨፌው የሚፈልቀው ውሃ ደግሞ ጀማን ተከትሎ ዓባይ ይገባል። ሜዳውን የሸፈነው ረጅም ሣር ለመንዝ ሰው የማይሆነው ነገር አልነበረም፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው በክረምት የሚደርበው ገሳም ይሠራበታል። በየጉብታው የበቀለው አስታ የሚባል ቁጥቋጦ ማገዶ ነው። ድርቅ በመጣ ጊዜ ደግሞ የከብቱ ነፍስ የሚተርፈው እዚያ ነበር።

እንዲህ ሁሉ የሚፈልገው ነገር ጠባቂ ከሌለው ወዲያው ተግጦ ያልቃል። አባቶቻችን ይህን ስለተረዱ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ ለጓሳ ሕግ አበጁለት። ምድሩ አጽመ ርስት ነበር፤ ተጠቃሚው ከሁለቱ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ፣ የሚወለድ ሕዝብ ሲሆን፣ በየአጥቢያው ተደልድሎ፣ በምርጫ በተሾሙ አለቆች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይተዳደር ነበር። ሣሩ ሲዘጋ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ማጨድም ከብት ማሰማራትም አይቻልም ነበር። ሣሩ ሲደርስ አለቆቹ መክረው በበጋ ይከፍቱት ነበር፤ ሕዝቡም የድርሻውን ያጭድ ነበር። ክረምት ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5፣ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። ሕግ የጣሰ ይቀጣ ነበር። በተዘጋ ጊዜ በተሰረቀ ሣር የተከደነ ጣሪያ ይቃጠል እንደነበር አባቶቻችን ይነግሩን ነበር። ጠንካራ ሕግ ነበር፤ ግን ሀብታሙም ድሃውም እኩል የሚፈራው ሕግ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ አጽመ ርስቱ ቀረ፣ ቄሮውም ሥልጣኑን አጣ። ጠባቂ ሲጠፋ ሁሉም እንዳሻው አጨደ፣ አሰማራ፣ አስታውንም ቆረጠ። ደግነቱ ሕዝቡ የድሮውን ሥርዓት ፈጽሞ አልረሳውም ነበር። ኋላ እንደገና ተሰብስቦ፣ ኮሚቴ መርጦ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ፣ ከመንግሥትም እውቅና አግኝቶ ጓሳን መልሶ በጥበቃ ሥር አደረገው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ይህን የምተርክላችሁ በምክንያት ነው። እናንተ መኪናችሁን አቁማችሁ «እንዴት ያለ ባዶ፣ እንዴት ያለ ሰው ያልነካው ሜዳ!» ትላላችሁ። ሜዳው ባዶ አይደለም፤ ሰው ሳይደርስበት ቀርቶም አይደለም። ቤቱ እያፈሰሰ ሣሩ እስኪከፈት የጠበቀ ገበሬ፣ ከብቱ ከስቶ እያየ አጥሩን ያላለፈ እረኛ የተወላችሁ ነው። ባለቤቱ የራበውን ከብት ከከለከለበት ሜዳ ላይ፣ ለአንድ ቀን ደስታ የመጣ እንግዳ እንደልቡ ልሁን ሊል አይገባም።

እንግዲህ ወደ ጉዞው ልግባ። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱንና የአካባቢውን ሰላም ጠይቁ። በወሬ ሳይሆን እዚያው ካሉ ሰዎች፣ ከጓሳ ጽሕፈት ቤት ወይም ከአስጎብኚ በስልክ አረጋግጡ። መንገዱ አይመችም ከተባላችሁ ቀናችሁን አዘዋውሩ፤ ተራራው የትም አይሄድም። ለመውጣት የሚሻለው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። መስከረም ምድሩ በአበባ ያሸበረቀ ቢሆንም ጭቃው ገና አይደርቅም፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጉሙ እጃችሁን እንኳ አያሳያችሁም። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ብሩህ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ስስ ጃኬት ለብሳችሁ አትምጡ። ወፍራም ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ የዝናብ ልብስና ጠንካራ ጫማ ያዙ። ፀሐዩም ቀላል አይደለም፤ ብርዱ አታልሏችሁ ፊታችሁ ይላጣልና ባርኔጣና የፀሐይ ቅባት አትርሱ።

የከፍታውን ነገር አትናቁ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጓሳ ከዚያ በላይ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይጨምራል። ከቆላ ከተማ ወይም ከውጭ ሀገር የመጣ ሰውማ የበለጠ ይሰማዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። መድኃኒቱ ቀስ ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ብታድሩ ሰውነታችሁ ይለምዳል። ውሃ ጠጡ፤ የመጀመሪያዋን ማታ አረቄውን ተዉት። ከእናንተ መካከል አንዱ ራሱን አሞት እየባሰበት ከሄደ «ነገ ይሻለዋል» አትበሉ፣ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይዛችሁት ውረዱ። ከቡድኑ መካከል መፍጠን ያለበት የለም፤ ሁሉም የሚራመደው ከሁሉ ቀርፋፋ በሆነው ሰው ልክ ነው።

ስትደርሱ መጀመሪያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሂዱ። ክፍያውን ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ መሪ ያዙ። «የእኛው ሀገር ነው፣ ለምን እንከፍላለን?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ሀገሩ የእኛው መሆኑ እውነት ነው። ሌሊት በውርጭ የሚዞረው ጠባቂም የእኛው ልጅ ነው፤ የሚኖረው በዚያች ክፍያ ነው። ገበሬውም ሣሩን ሳያጭድ ሲጠብቅ ከጥበቃው የሚያገኘውን ጥቅም ማየት አለበት። እንግዳ መጥቶ አቧራ ብቻ አስነሥቶ ከሄደ፣ ገበሬው አንድ ቀን «ለማን ብዬ ነው የምጠብቀው?» ይላል። የማኅበረሰቡ ማረፊያ ቤት አለ፤ ቅንጦት የለበትም፣ ግን ንጹሕ አልጋ ይገኝበታል፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። የራሳችሁን ድንኳን ከያዛችሁም በተፈቀደው ቦታ ብቻ ትከሉ።

መሪውን የመንገድ ጠቋሚ ብቻ አታድርጉት። ሣር ውስጥ ተኝቶ ያለውን ጥንቸል፣ ከሰማይ ላይ የምትዞረውን አሞራ፣ ትናንት ቀበሮ ያለፈበትን ዳና የሚያየው እሱ ነው። ጠይቁት፤ ሲናገር አድምጡት። «እዚህ ጋ ይበቃል፣ አንጠጋ» ሲል ደግሞ አትከራከሩት። ጉርሻ ጨምራችሁ ከሕጉ እንዲያስወጣችሁ አትፈትኑት። ድሃን በገንዘብ ሕጉን ማስጣል ነውር ነው።

መኪና ከመንገድ አይውጣ። ይህን ሁለት ጊዜ ብናገረው ደስ ይለኛል። ሜዳው ጠፍጣፋና ለስላሳ ስለሚመስል ባለ ላንድክሩዘሩ ሁሉ የመኪናውን መሪ መጠምዘዝ ያምረዋል። ከሣሩ ሥር ግን የአይጥና የፍልፈል ጉድጓድ ሞልቷል። ጎማ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ጉድጓዱ ይደፈናል፤ ከጨፌው ላይ ካለፈ ደግሞ የጎማው ዱካ የውሃ ቦይ ይሆንና በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ይከተለዋል። አይጡ ከሌለ ቀይ ቀበሮው የሚበላው የለም። በእግር ስትሄዱም እንዲሁ፣ የተረገጠውን መንገድ ተከተሉ። ጭቃ ቢሆን እንኳ በዳር በኩል አዲስ መንገድ አትክፈቱ፤ ሁላችሁም በየፊናችሁ ብትረግጡ አንዱ መንገድ አሥር ይሆናል። በአውራ መንገዱ ላይም ዝግ ብላችሁ ንዱ፤ ጭላዳና ቀበሮ መንገድ ያቋርጣሉ፣ እረኛና በግም አለ።

አሁን ስለ እንስሳቱ። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። ሌሊት በገደሉ ላይ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። ዋና ምግቡ ሣርና ቅጠላ ቅጠል ነው፤ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ እየነቀለ ሲግጥ ቀኑን ሙሉ ይውላል። በጓሳ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ስለሚከታተሉት ከሰው የማይሸሽ መንጋ አለ። አለመሸሹን ወዳጅነት አድርጋችሁ አትውሰዱት። ዳቦ፣ ብስኩት፣ ሙዝ አትስጡት። ዳቦ የቀመሰ ዝንጀሮ ነገ የገበሬውን ክምር ይፈልጋል፣ ገበሬውም ወንጭፉን ያነሣል፤ የእናንተ አንድ ቁራሽ በሁለቱ መካከል ጠብ ይዘራል። የእኛ ጉንፋንም ወደ እንስሳው ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ በመካከላቸው አትለፉ፣ ትልቁ ወንድ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን ሲያሳያችሁ «ተመለሱ» ማለቱ ነውና ተመለሱ።

ቀይ ቀበሮው ከሁሉ ብርቅ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት በጠቅላላው 500 ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ይኖራሉ፣ ጓሳ ውስጥ ያሉት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። በጓሳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት እኛ እረኞች ስናየው የኖርነውን ነገር በቁጥር አስቀምጦታል። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67 ያህሉ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 ያህሉ ብቻ። ጭላዳው አይፈራውም፣ እሱም በአብዛኛው የጭላዳ ግልገል አይነካም። ይህን ካወቃችሁ ለፎቶ ብላችሁ መንጋውን የመበተንን ክፋት ትረዳላችሁ። መንጋውን ስታስሮጡ የቀበሮውንም ቁርስ ታስመልጣላችሁ። ቀበሮ ካያችሁ ቁሙ፣ ድምፅ አጥፉ፣ እሱ መንገዱን ይቀጥል። ጉድጓድ ያለበትን ስፍራ ካገኛችሁ አትቅረቡ፤ ፎቶውንም ቦታውን እየጠቀሳችሁ በስልክ አታሰራጩ።

ውሻ ይዛችሁ አትምጡ። ውሻችሁ ጨዋ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን የውሻ በሽታ ለቀይ ቀበሮ እልቂት ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሻ የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል፤ ከዚያም ወዲህ እሱም ሌላም የውሻ በሽታ ተመላልሰዋል። አንድ መንጋ ቀበሮ ካለቀ ከየት ይተካል? ከባሌ እስከ መንዝ ያለውን ሜዳ እርሻ ወስዶታል፣ ቀበሮው ተሻግሮ አይመጣም።

እሳትን ፍሩ። ከጥር በኋላ ሣሩ ይደርቃል፣ ነፋሱም ኃይለኛ ነው። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ በገደሉ ላይ ተዋደቀ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ድረስ መምጣት ነበረባቸው። ሰሜን ዋልያ በዓለም ላይ የቀረበት ብቸኛ ስፍራ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በአንድ ቀን እሳት ሊጎዳ እንደሚችል አየን። ስለዚህ በሜዳ ላይ እሳት አታንድዱ። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ቁራጩን በቆርቆሮ ይዞ ይመለስ። ለምግብ ማብሰያ ቡታጋዝ ይዛችሁ ኑ። አስታ ቆርጣችሁ አትማግዱ፤ ብርዱ በርትቷል ብላችሁም መሪውን «ትንሽ እንጨት አምጣልን» አትበሉት። በዚያ ከፍታና ውርጭ እንጨት ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ማታ በአንድ ሰዓት የምታነድዱት ብዙ ዓመት የበቀለ ነው። ሲበርዳችሁ ሌላ ሹራብ ደርቡ።

ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውረዱ። ድሮ በሜዳው የሚቀር ነገር ቢኖር የቆሎ ገለባ ነበር፣ እሱም አፈር ይሆናል። አሁን ሃይላንዱ፣ ፌስታሉ፣ የብስኩቱ መጠቅለያ፣ የሕፃን ዳይፐሩ አለ። ፌስታል የበላ በግ ይሞታል፤ በጉ ደግሞ የአንዲት እናት የዓመት ተስፋ ሊሆን ይችላል። በደጋው ብርድ የወደቀ ነገር ቶሎ አይበሰብስም፤ የብርቱካን ልጣጭ እንኳ ለብዙ ጊዜ ይታያል። አንድ ጠንካራ ከረጢት ያዙ፣ የእናንተንም ሌላው የጣለውንም ሰብስባችሁ ወደ ከተማ መልሱ። ለመጸዳዳት ሽንት ቤት ባለበት እሱን ተጠቀሙ፤ በሌለበት ከምንጭና ከወንዝ ርቃችሁ፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ፣ በአፈር ክደኑ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ተመለሱ። ያ ምንጭ ከታች ባለው ቀበሌ እንስራ ይሞላበታል። ስለዚህ በሳሙናም አትታጠቡበት።

ድምፅም ቆሻሻ ይሆናል። ስፒከር ከፍታችሁ ከገደል አፋፍ ላይ ዘፈን የምታንቆረቁሩ ልጆች አላችሁ። ዘፈን አልጠላም፤ መንዝ የፉከራና የቀረርቶ ሀገር ነው። ነገር ግን ጸጥታው ለእንስሳው ቤቱ ነው፣ ከእናንተ ቀጥሎ ለመጣው እንግዳም ዋና ጉዳዩ ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ አታብርሩ። በገደሉ ላይ ጎጆ የሠሩትን አሞሮች ያስደነግጣል፣ ግልገል ያዘሉትን ጭላዳዎችም ገደል ያስገባል። ለሴልፊ ብላችሁም አፋፍ ላይ አትቁሙ፤ የአፋፉ ሣር አንዳንዴ ከሥሩ አፈር የለውም።

ስለ ሰዎቹ ልንገራችሁ። በየመንገዱ የምታገኙት እረኛ፣ በአህያ ጭና የምትሄድ እናት፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሽማግሌ የእናንተ ጉብኝት አካል አይደሉም። ቆማችሁ ሰላም በሉ። እንዴት ዋላችሁ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ አዝመራው እንዴት ነው በሉ። ከዚያ በኋላ ፎቶ ለማንሣት ከፈለጋችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ እንቢ ካሉ እሺ በሉ። ቤት ግቡ ተብላችሁ ገብስ ቆሎና ጠላ ቢቀርብላችሁ በክብር ተቀበሉ። ያ ቤት ያለውን ነው ያወጣላችሁ። ስትወጡ ውለታውን የምትመልሱበትን መንገድ መሪያችሁን ጠይቁት፤ እሱ ባለቤቱን ሳያሳፍር እንዴት እንደሚደረግ ያውቃል።

ለሕፃናት በመኪና መስኮት ከረሜላና ብር አትበትኑ። ልጁ ነገ ትምህርት ቤቱን ትቶ መንገድ ዳር ይውላል፣ ከመኪና ኋላም ሮጦ አደጋ ይደርስበታል። መርዳት ከፈለጋችሁ ደብተርና መጽሐፍ ይዛችሁ ለርእሰ መምህሩ አስረክቡ። ገንዘባችሁንም በሥራ ላይ አውሉት፤ በቅሎ ተከራዩ፣ እንቁላልና ማር ከገበሬው ግዙ፣ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ዝተት፣ ባና ወይም በርኖስ ይዛችሁ ተመለሱ። ዋጋ ስትጠይቁ ሥራውን እያያችሁ ይሁን። ፀጉሩን ለመሸለት፣ ለማጠብ፣ ለመባዘት፣ ለመፍተልና ለመሸመን ስንት ቀን እንደሄደ አስቡና ተከራከሩ። በአሜሪካም ሆነ በዱባይ የምትኖሩ ልጆቻችን በተለይ ይህን ልብ በሉ። አንድ በርኖስ ለእናንተ ማስታወሻ ነው፣ ለሠሪው የቤቱ ቀለብ ነው።

ይህን ሁሉ «አታድርጉ» ስደረድር ተራራውን የማያስደስት አድርጌባችሁ እንዳይሆን። ደስታው የሚገኘው እንዲያውም በዚህ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነሡ፣ ጋቢያችሁን ተከናንባችሁ በገደሉ አጠገብ፣ ከአፋፉ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ከቆላው የሚወጣው ጉም ከእግራችሁ ሥር ይተኛል፤ ፀሐይዋ ከአፋር በኩል ብቅ ትላለች። ያን ጊዜ ጭላዳዎቹ ከገደሉ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ እናቶቹ ግልገሎቻቸውን አዝለው፣ ወጣቶቹ እየተጯጯሁ፣ ወንዶቹ እንደ አንበሳ ጎፈሬያቸውን በነፋስ እያስመቱ። ውርጩ ሲቀልጥ ሣሩ ይተናል፣ የጦስኝ ሽታም ከእግራችሁ ሥር ይነሣል። ጅብራው በጨፌው ዳር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በየሜዳው ነጫጭ አበባ ይፈነዳል። አንድ ሰዓት ያህል ሳትንቀሳቀሱ የቆያችሁ እንደሆነ ምድሩ እናንተን ይለምዳችኋል። አይጡ ከጉድጓዱ ይወጣል፣ ቀበሮውም እዚያ ማዶ በሣሩ መካከል ዝቅ ብሎ ሲመጣ ታያላችሁ። ከመኪና ወደ መኪና የሚሮጥ እንግዳ ይህን አያይም። በጓሳ ብዙ የሚያየው ትንሽ የሚንቀሳቀስ ነው።

ከልጆቻችሁ ጋር ከሆናችሁ አንድ ነገር ስጧቸው፤ የሚጽፉበት ደብተር። ያዩትን ወፍ፣ አበባ፣ ዳና ይሣሉ። አበባ ነቅለው፣ የጭላዳ ፀጉር ወይም የወደቀ ቀንድ ይዘው እንዳይመጡ ግን ገና ከቤት ሳትነሡ ንገሯቸው። ልጅ የነገሩትን ይይዛል፤ ለትልቁ ሰው ነው ደጋግሞ መንገር የሚያስፈልገው።

ጓሳን ካያችሁ በኋላ ሌሎቹንም ተራሮቻችንን እዩ። ሰሜን እ.ኤ.አ. በ1978 ከዓለም ቅርሶች የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተመድቦ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ያን ያህል ዓመት የፈጀው የሰው፣ የከብትና የእርሻ ጫና ስለነበረ፣ መፍትሔውም የብዙ ሰው ኑሮ ስለሚነካ ነው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቤታቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በሰሜን ስትራመዱ ከእግራችሁ ሥር የሌላ ሰው ማረሻ የነበረበት መሬት እንዳለ አስቡ። የባሌ ተራሮች ፓርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኗል። በሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚያልፍ የመኪና መንገድ አለ፣ ቀበሮውም ከመንገዱ ዳር ይታያልና ፍጥነታችሁን ቀንሱ። በየትኛውም ስፍራ ሕጉ አንድ ነው። ትኬት ቁረጡ፣ ስካውትና መሪ ያዙ፣ ከመንገድ አትውጡ፣ አታብሉ፣ አታቃጥሉ፣ አትጣሉ።

ስትመለሱ ፎቶውን ለወዳጆቻችሁ ታሳያላችሁ፤ አሳዩ። ከፎቶው ጋር ግን ሕጉንም ንገሩ። «ደስ የሚል ቦታ አለ» ብላችሁ ብቻ አሥር ሰው ከላካችሁ፣ አሥር ያልተመከረ ሰው ላካችሁ ማለት ነው። «መሪ ያዙ፣ ክፈሉ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ውሻ አታምጡ» ብላችሁ ከላካችሁ ግን ለጓሳ አሥር ጠባቂ ጨመራችሁለት። ሥርዓት የሚጥስ ሰው ስታዩም ዝም አትበሉ፤ በጨዋ ቃል ምከሩት፣ እንቢ ካለ ለጠባቂው ንገሩ። በቄሮው ዘመን ሕጉን ያስከበረው አለቃው ብቻውን አልነበረም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ስለሚጠይቅ ነበር።

አባቶቻችን ለ300 ዓመታት ያህል ያቆዩትን ደጋ እኛ በአንድ ትውልድ ልንጨርሰው እንችላለን፤ ሲያልቅም የሚመልሰው ዘር የለም። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ መኪናውም ገንዘቡም በእጃችሁ ነው፤ ጉዳታችሁም ጥቅማችሁም ከእረኛው ይበልጣል። ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ። ጓሳን ስታዩ ተደሰቱበት፣ ለጠበቀው ገበሬ ዋጋውን ክፈሉ፣ ልጆቻችሁም መጥተው እንዲያዩት እንዳገኛችሁት ተዉት።